የገብስማው ላባ

ባለቤቴን ኃይለጊዮርጊስን ባለፈው ክረምት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከዛለ ወዲህ፣ የመከረው ሰው ሁሉ ቃል የተቀባበለ ይመስል አንድ ነገር ነበር የሚለው። «ትል ሰክተህ ውሃ ዳር ቁጭ በል፤ ዓሣው ራሱ ይመጣልሃል።» ሐኪሙም አለው፣ ልጃችን ናዝሬትም አለችው፣ የዕድሩ ዳኛም ሊጠይቀው መጥቶ አለው። የእሱም መልስ አንድ ነበር። «ትል ሰክቶ የተቀመጠ ሰው አጠመደ አይባልም፤ ጠበቀ ነው የሚባለው። ጥበቃ ካማረኝ ባንክ በር ላይ እቀጠራለሁ።»

ኃይሌ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየአገሩ እየዞረ የወንዝ ውሃ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ባሌ ተመድቦ ሳለ በላባ ዓሣ ማጥመድ ተማረ፤ ከዚያ በኋላ የመንግሥት መለኪያውና የራሱ የማጥመጃ ዘንግ ተለያይተው አያውቁም። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ዓሣ ላባ አይበላም። መንጠቆው ላይ ላባ ሲታሰርበት ትንሽ ዓሣ ይመስላል፤ ትልቁ ዓሣ ሊያመልጠኝ ነው ብሎ ይነክሰዋል። ኃይሌ ስትሪመር ይለዋል፤ እኔ የውሸት ዓሣ እለዋለሁ። ታዲያ ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ ከተኛ ያው ላባ ነው። ነፍስ የሚዘራበት ክሩን የሚስበው እጅ ነው። አንዱ እጅ ዘንጉን ይወረውራል፣ ሌላው እጅ ክሩን ሳብ፣ ሳብ፣ ቆም ያደርጋል። የኃይሌ ጣጣ እዚህ ላይ ነበር፤ የቀረችው ግራ እጁ ብቻ ናት።

ከሆስፒታል ወጥቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤታችን የገባ ዕለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብ ሳቀርብለት «አስቀምጪው» ይላል። ጠያቂ ሲመጣ ቀኝ እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ይደብቃል። ለምን እዋሻለሁ፣ ያን ጊዜ ከሞቱ ይልቅ ያንን አተኛኘቱን ነበር የምፈራው። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ «የማርያምወርቅ» ብሎ ሙሉ ስሜን ጠራኝ። ሌላ ጊዜ ወርቄ ነው የሚለኝ። «ዘንጉን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጂልኝ።»

አወረድኩለት። በግራ እጁ መዘነው፣ እንደገና መዘነው። «ሁዳዴ ሳይገባ በራሴ እጅ አንድ ዓሣ አወጣለሁ» አለ። «ካላወጣሁ ዘንጉን ለበዳዳ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት የዓሣ ወሬ እንዳይነሳ።» በዳዳ ከመሪ ሰፈር ወዲያ የሚኖር የድሮ ወዳጁ ነው። ኃይሌ ደግሞ አንዴ አለ ማለት አለ ነው። ዘንጉ ከቤት የወጣ ዕለት ሰውየውም ወደ ግድግዳው እንደሚመለስ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ይዘን ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት ሆነ ሥራችን። ከባሕር ዛፉ ሥር ሰፋ ያለ ሜዳ አለ። ኃይሌ በመንጠቆው ፈንታ የሹራብ ክር ቁራጭ አስሮ በግራ እጁ መወርወር ጀመረ። ዕድሜዋን ሙሉ ማንኪያ እንኳ ይዛ የማታውቅ እጅ ባንዴ ባለሙያ ሁኚ ብትባል ምን ታድርግ? ክሩ አንዴ ጆሮውን ይገርፈዋል፣ አንዴ ቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠማል፣ አንዴ የኔን ነጠላ ይዞ ይሄዳል። እሱ ግን ንቅንቅ የለም። «ወደ ኋላ ስትልከው ታገሥ። እስኪዘረጋ ጠብቅ። ከዚያ ወደ ፊት» እያለ ራሱን ያስተምራል። ሲሳሳት ራሱን ይሰድባል፣ እኔ ሳርመው ደግሞ እኔን ይሰድባል።

አንድ ቀን ወንድማቸውን ጸበል ሊያስጠምቁ የመጡ ሰዎች ቆመው ሲያዩን ቆዩ። ኃይሌ ዘንጉን በአየር ላይ እያፏጨ ብቻውን ያወራል። ከመሐላቸው አንዱ ጎረምሳ ቀስ ብሎ ተጠጋኝና «እናቴ፣ አይዞዎት። እኛም የኛን በገመድ አስረን ነው ያመጣነው» አለኝ። «ግን እንዴት ዱላ ሰጣችሁት?» ሳቄን ለመዋጥ ጀርባዬን ሳዞር ያለቀስኩ መስሎት እሱ ራሱ እንባ አቀረረ። «ልያዝልዎት?» ሲል ኃይሌ ሰማና ክሩን ከጎረምሳው እግር ፊት ካለች ቢጫ አበባ ላይ ልክክ አድርጎ አሳረፈው። ግራ እጁ መታዘዝ እንደጀመረች ያን ቀን አወቅሁ።

መጀመሪያ የሞከርነው ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው ወንዝ ላይ ነው። ወራጅ ውሃ ለአንድ እጅ ሰው ይመቻል። ኃይሌ ላባውን ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ታች አድርጎ ይወረውርና ክሩን በጣቱ ከዘንጉ ጋር ቆንጥጦ ይይዛል። ወንዙ ራሱ ላባውን እየገፋ በሰያፍ ወደኛ ዳር ያመጣዋል። «አየሽ፣ እዚህ እኔ አልስብም፤ ወንዙ ይስብልኛል» ይላል ደስ ብሎት። ዓሦቹ ነካ ነካ አደረጉት እንጂ የያዘ የለም። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ ሄደ፤ ጥር ሲገባ ወንዙ ድንጋዩን አሰጥቶ ቁጭ አለ። ከብቶች የሚሻገሩበት ጭቃ ላይ ስትሪመር አይወረወርም።

የቀረው የበዳዳ ኩሬ ነው። በዳዳ ከመሪ ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሙ ካለቀ በኋላ ባለው ድንጋይ ማውጫ አጠገብ ነው የሚኖረው። ድንጋዩ ተፈልጦ ካለቀ በኋላ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፤ እሱም ዓሣ አምጥቶ ጨመረበት። የቆመ ውሃ ነው፣ ድፍርስ፣ ጥልቅ። የቆመ ውሃ ደግሞ ለማንም አይስብም። ኃይሌ ላባውን ወርውሮ እንዲሰጥም ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው የአቡነ ዘበሰማያትን ግማሽ በልቡ እስኪል ነው። ከዚያ ክሩን በጥርሱ ነክሶ አንገቱን ወደ ጎን ይጠመዝዛል፣ የሳበውን በግራ ጣቱ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ጎንበስ ብሎ እንደገና ይነክሳል።

«እኔ ልሳብልህ» አልኩት።

«በራሴ እጅ ብያለሁ።»

«ጥርስህ እጅህ ነው?»

«ጥርሴ የኔ ነው» አለ፤ ከንፈሩ ደምቷል።

አንድ ቢልጫ፣ ወርቅማ ቅርፊት ያለው ትልቅ ዓሣ፣ ላባውን ተከትሎ እስከ ዳር ድረስ መጣና አየት አድርጎት ተመለሰ። ማታ ኃይሌ እንቅልፍ አልወሰደውም። «ሁለት ጥፋት አለ» አለኝ። «አንደኛ፣ በጥርስ ስስበው ረጅምና ለስላሳ ይሆናል። የፈራ ዓሣ እንደዚያ አይዋኝም፤ ፈትለክ ይልና ይቆማል። ሁለተኛ፣ ነጭ ላባ ለጠራ ውሃ ነው። ለድፍርስ ውሃ ጥቁርና ነጩ የተቀላቀለ፣ ገብስማ የሆነ የአውራ ዶሮ አንገት ላባ ያስፈልጋል።»

ይሄን ሲለኝ እኔ የትኛው አገር እንደምኖር መርሳቴ ነው ስህተቴ። በነጋታው ሾላ ገበያ ሄጄ የዶሮ ነጋዴውን ሁሉ አተራመስኩ። ቀዩን አቀረቡልኝ፣ አልፈልግም አልኩ። ነጩንም አልፈልግም አልኩ። ገብስማ፣ አውራ፣ አንገቱ ረጅም። ነጋዴው ዝቅ ባለ ድምፅ «ለምንድን ነው የፈለጉት?» ሲለኝ «ባለቤቴ ታሞብኝ ነው» አልኩት፤ እውነቴን እኮ ነው። ዞር ስል ጎረቤቴ ወይዘሮ ማስተዋል ሽንኩርት እየመረጠች ከኋላዬ ቆማለች። በኛ አገር ሕመምተኛ ያላት ሴት ገብስማ ዶሮ መርጣ ከገዛች ምን እንደሚባል ሕፃንም ያውቀዋል፤ በሕመምተኛው ራስ ላይ አዙራ መንገድ ዳር ልትጥለው ነው። እኔም ደንግጬ ዶሮውን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩት። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሏል ይሄ ነው። ዶሮው ነጠላዬ ውስጥ ሆኖ ጮኸ።

ዶሮውን ወጥ ሠርቼ በላነው። ላባውን አጥቤ መስኮት ላይ አሰጣሁት። ኃይሌ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያዘዘኝ እኔ መንጠቆው ላይ አሰርኩ፤ ማሰሩን ማንም ቢያስረው ግድ የለውም፣ መሐላው ለውሃው ነው። ሁለት ላባ ጀርባ ለጀርባ፣ ከሥሩ የፍየል ጸጉር፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር፤ ቀዩ እንደ ዓሣ ጉሮሮ ነው። የተረፈውን ላባ በዚያው ቀይ ክር ጠቅልዬ መስኮቱ ላይ ተውኩት። ማስተዋል ጨው ልትበደር ብላ ገብታ አየችውና ጨውን ረስታ ወጣች። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ነው መቼም። በእንጦጦ ጫካ ኃይሌን ዱላ አስይዤ ለአድባር እንዳስጨፈርኩት ሁሉ ተወራ።

በቅበላው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባቴ መምሬ ልደቱ መጡ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ መጀመሪያ ጸበል ይረጫሉ፣ ቀጥለው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ። ያን ቀን ቀጥ ብለው ተቀመጡና በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

«ወለተ ሥላሴ፣ ገብስማ ዶሮ ገዝተሻል አሉ።»

«ገዝቻለሁ አባቴ።»

«በሕመምተኛ ላይ አዙረሻል አሉ።»

«ድስት ውስጥ ነው ያዞርኩት አባቴ፤ ከሽንኩርት ጋር።»

አልሳቁም። መስኮቱ ላይ ያለውን ላባ በመቋሚያቸው ጫፍ እያሳዩ «ያ ቀይ ክርስ?» አሉኝ። መንጠቆውን አምጥቼ ብሰጣቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። እንዳቃጥለው አዘዙኝ፤ ንስሐም ሊሰጡኝ ጀመሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ፣ ቆርቤ፣ በስተርጅና በዶሮ ላባ ልከሰስ? ካቃጠልኩት ደግሞ ኃይሌ ምን ይዞ ይሄዳል? ሁዳዴ ሰኞ ይገባል።

«አባቴ፣ ንስሐውን እቀበላለሁ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ግን ኃጢአቱን ይዩት።»

ከጓዳ የኃይሌ ድምፅ መጣ። «ቅዳሜ ከኛ ጋር ይምጡና ይዩ!» እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ያ ሰው የዛለ እጁን ለሰው እንዳያሳይ የእንጦጦን ሜዳ እንኳ ሰው ሳይወጣ ካልሄድኩ የሚል ነበር።

ቅዳሜ ናዝሬት በመኪናዋ ወሰደችን። መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም ነበር። «አባዬ ፕሊስ፣ ብትወድቅስ? ሴፍ አይደለም እኮ። ለማን ፕሩቭ ለማድረግ ነው?» መምሬ ልደቱ ከፊት ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። በዳዳ ኩሬው ዳር ጠበቀን፣ ለመምሬ ድንጋይ ላይ ጋቢ አነጠፈላቸው። «ዓሣው ዛሬ ግድግዳው ሥር ነው ያለው፣ ጥላው ውስጥ» አለ። «አጭር ወርውር ኃይሌ።»

ኃይሌ ገብስማውን ወረወረ። ጥላው ጫፍ ላይ ጠብ አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አቡነ ዘበሰማያቱን እያለ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክሩን ነከሰ፣ አንገቱን ጠመዘዘ፣ ቆነጠጠ፣ ነከሰ። መምሬ ልደቱ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ነበር። ቢልጫው ከጥላው ወጥቶ ላባውን መከተል ሲጀምር ግን ከድንጋዩ ተነሡ። «ተከተለው! ያውና ተከተለው!» ዓሣው ተመለሰ። «ምነው ተወው?» አሉ፤ የተበደሉት እሳቸው ይመስላሉ።

እንዲያ ሲል ዋለ። ይከተላል፣ ይመለሳል። ፀሐዩ ወደ ግድግዳው ዘንበል ሲል የኃይሌ ከንፈር አብጦ ክሩን መንከስ አቃተው። ክሩ ከአፉ እየሾለከ ውሃው ላይ ይተኛል። አንድ ጊዜ ወርውሮ ክሩን ሊነክስ ጎንበስ ሲል ወደ ፊት ተንገዳገደ፤ በዳዳ ባይደግፈው ገብቶ ነበር። ናዝሬት «በቃ! እንሂድ!» ብላ ጮኸች። ኃይሌ የዘንጉን ጫፍ ውሃው ላይ ጥሎ ቆመ። ፊቱን አየሁት፤ ያው ወደ ግድግዳ ያዞረው ፊት ነው። ሄድኩና ክሩን ከውሃው ዳር አነሣሁት።

«ተይው» አለኝ።

«አልተውም!»

«ወርቄ፣ ተይው ብያለሁ። በራሴ እጅ ነው ያልኩት።»

«ስማ!» አልኩና ክሩን ፈትለክ አድርጌ ሳብኩት። «አንተ ግትር!» ሳብኩት። «ጎረቤት ጠንቋይ ያለኝ ባንተ!» ሳብኩት። ምን ሊመልስልኝ ነው ብዬ ቀና ብዬ አየሁት፣ እጄ ቆመ። ኃይሌ ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ክሩ ጣቴን ይዞ ወደ ውሃው ሄደ።

«ያዘ!» አሉ መምሬ ልደቱ።

ኃይሌ ዘንጉን በግራ እጁ ሽቅብ አቆመው፤ እንደ ቀስት ጎበጠ። «አትልቀቂ! ልቀቂ! ትንሽ ልቀቂ! አሁን ያዢ!» እኔ «የቱን ልስማህ!» እላለሁ፣ ክሩ ጣቴን ይቆርጠኛል፣ ናዝሬት በእንግሊዝኛ ትጮሃለች። ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲሄድ ኃይሌ ዘንጉን ወደ ጎን አጋድሞ መለሰው፤ እኔ ያላላውን ሰበሰብኩ። ስንት ጊዜ እንደሄደና እንደመጣ አላውቅም። በመጨረሻ በዳዳ እስከ ጉልበቱ ገብቶ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣው። ሣሩ ላይ ተኝቶ ቅርፊቱ ሲያበራ ገብስማው ላባ ከከንፈሩ ዳር ተሰክቷል። ዝላይ ቀረሽ ደስታ ነበር የተደሰትኩት።

ኃይሌ ግን አልተደሰተም። ዓሣውን አየው፣ የኔን እጅ አየ። ከዚያ ዘንጉን ለበዳዳ ዘረጋለት። «ውሰደው» አለ። «እኔ አልያዝኩትም። የሳበችው እሷ ናት። በራሴ እጅ ብዬ ነበር።»

በዳዳ ሁለት እጁን ከኋላው ደበቀ። እኔ እንባዬ መጣ፤ የሐዘን አይደለም፣ የንዴት ነው። በዚያ ዓሣ ራሱን ልለው ነበር። ይሄን ያህል ወር ተራራ ወጥቼ፣ ዶሮ ሰርቃ ሄደች የተባልኩ እስኪመስል ተሸማቅቄ፣ ይሄ ሰው አሁንም ወደዚያ ግድግዳ ሊሄድ ነው።

መምሬ ልደቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። «ኃይለጊዮርጊስ» አሉት። «ተክሊል የደፋሁላችሁ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት አባቴ።»

«ያን ቀን ምን ብዬ አሰናበትኳችሁ?»

ኃይሌ ዘንጉን ሣሩ ላይ አጋደመው።

«አንድ አካል ናችሁ ብዬ ነው ያሰናበትኳችሁ። እንግዲህ ይሄ የኔ እጅ ነው፣ ያ የሷ ነው የምትለው እጅ ከየት መጣ? መሐላህ በራሴ እጅ ነው፤ በራስህ እጅ አውጥተሃል። አይ የሰው እጅ ነው ካልክ ተክሊሉን አፈረስክ ማለት ነው፤ ያኔ ንስሐ የምትገባው አንተ ነህ እንጂ እሷ አይደለችም።» ይሄን ብለው ጎንበስ አሉና ሐሙስ ዕለት አልነካም ያሉትን ላባ በገዛ ጣታቸው ከዓሣው ከንፈር ነቀሉት። አገላብጠው አዩትና ለኃይሌ ሰጡት። «ነገ ቅበላ ነው፤ ይሄ አንዱ ለሁላችን አይበቃም። ገና ብርሃን አለ።»

ኃይሌ ላባውን ከዘንጉ አጠገብ አኖረው። ከዚያ የተቆረጠውን ጣቴን በግራ እጁ ወደ ራሱ ስቦ በኮቱ እጅጌ ደሙን ጠረገልኝ። ካመመው ጊዜ ጀምሮ የዛለውን እጁን እኔ ስይዝለት ነበር እንጂ እሱ እኔን ነክቶ አያውቅም ነበር። ዘንጉን አነሣ። ገብስማውን ወደ ኋላ ላከው፣ እስኪዘረጋ ታገሠ፣ ጥላው ውስጥ አሳረፈው። ክሩን በራሱ ጣት አንሥቶ በእጄ ላይ አኖረው። መምሬ ልደቱ ከኋላችን አቡነ ዘበሰማያቱን ጮክ ብለው ያዙ፤ ግማሹ ላይ ሲደርሱ ጸጥ አሉ።

«እንዴት አድርጌ ልሳበው?» አልኩት።

«እንደ ቅድሙ።»

«ቅድም እኮ ተቆጥቼ ነው።»

«ተቆጪኛ» አለኝ።